ተነፈሰች

ጋሽ ንፋስ ይሉታል፤ ስሙ ከሥራው የመጣ ነው። ላሜራ እያጠፈና እየበየደ፣ በሆቴል ማድቤቶች ከምድጃ በላይ የሚንጠለጠል የጭስ ማውጫ ይሠራል። ሲጨርስ ማራገቢያውን ያስነሣና አንድ ሶፍት ወደ ማውጫዋ ወንፊት ያስጠጋል። ሶፍቱ ሽቅብ ተስቦ ከተለጠፈ፣ ማውጫዋን ቀና ብሎ እያየ «ተነፈሰች» ይላል። ጓደኞቹ የሚተነፍስ ጎማ ነው እያሉ ቢያሾፉበትም ቃሉን አልለወጠም።

ከሁሉ የሚኮራባት ግን ሚስቱ ዋና ምግብ አብሳይ በሆነችበት ሆቴል የሰቀላት ናት። ለእሷ ያልደከመ ለማን ሊደክም? ሚስቱም ቀድሞ የሠራችበት ማድቤት ማውጫ የሚባል ነገር አልነበረውምና፣ እዚህ ጭሱ ቀነስ ማለቱ ጭራሽ የጠፋ አስመሰለባት። ለባልደረቦቿ «ዕድሜ ለባሌ፣ ጭስ አንበላም» ትላቸዋለች።

ሳሉ እንደ ቀላል ነገር ነው የጀመራት። ውሎ አድሮ ደረጃ መውጣት አቃታት። ሐኪሙ ሳንባዋ እንደተጎዳ፣ የተጎዳው እንደማይመለስ፣ መንስኤው ቶሎ ከተገኘ ግን የቀረውን ማትረፍ እንደሚቻል ነገራቸው። ከዚያ ጭስ ውስጥ ትውል እንደሆነ ጠየቃት። አፏን ሳትከፍት ባል ሆዬ ቀደማት።

«የምን ጭስ? የጭስ ማውጫውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙም አመነው። ኩራት ክፉ ነው፤ የሚያስከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ ኩሩውን አይደለም። እሷ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች፤ ክረምቱ አልፎ በጋው እስኪጋመስ መድኃኒት እየዋጠች ሠራች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጥተህ ውሰዳት ተባለ። ማድቤቱን በሥራ ሰዓት ሲያየው ያ የመጀመሪያው ነው። ማራገቢያው ያጓራል፤ ጭሱ ግን ንቅንቅ ሳይል ምድጃው ላይ ተኝቷል። ሚስቱ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ወንፊቱ ንጹሕ ነበር፤ ራሷ ናት የምታጥበው። ግራ ቢገባው ሶፍት አንሥቶ አስጠጋ። ሶፍቱ ተንሸራቶ ሾርባው ውስጥ ወደቀ።

ዞር ሲል፣ መስኮት በሌለው በዚያ ማድቤት የጓሮው በር ተቆልፏል። ሥጋ እንዳይሰረቅ ብሎ የሆቴሉ ባለቤት ሥራ ከተጀመረ አንሥቶ እንደዚሁ ነው ያስቆለፈው አሉት አብሳዮቹ። ያኔ ገባው። ላሜራውን ያስገባው በዚያ በር ነበር፤ ማውጫዋንም የሞከራት በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ለጭሱ መውጫ ሲያበጅ ለአየሩ መግቢያ መተው ዘንግቷል። ያልገባ አየር ከየት መጥቶ ይወጣል?

ቁልፍ አስመጥቶ በሩን ከፈተው። ጭሱ ወዲያው ሽቅብ ተግተለተለ፤ አብሳዮቹም እፎይ አሉ። እሱ ሚስቱ አጠገብ ተንበረከከ።

«ሐኪሙ ጋ እንመለስ። ዋሽቼዋለሁ፤ ጭስ ያስበላሁሽ እኔ ነኝ።»

አልሰማችውም። ዓይኗን ወደ ላይ ከሚሄደው ጭስ ሳታነሣ፣ በየቃሉ መሐል ትንፋሽ እየለቀመች ለባልደረቦቿ ተናገረች።

«ዕድሜ ለባሌ… አያችሁ… ተነፈሰች።»