የአርባ ቀኑ ጿሚ

እህቴ ልጇን ክርስትና ለማስነሳት ስትዘጋጅ አንድ ጭንቀት ብቻ ነበረባት፤ አማቷ ይህን ክርስትና ከክርስትና ይቆጥሩት ይሆን? እኛ ካቶሊኮች ነን። ባሏ ኦርቶዶክስ ነው። ሲጋቡ ልጆቻቸው በእሷ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ሁለቱ ተስማምተዋል። እናቱን የጠየቀ ግን አልነበረም። እሳቸውም ይህን አልረሱም። እህቴን ሊያርሱ ከሐረር መጥተው በሰነበቱበት ጊዜ ሁሉ፣ ገንፎውን በሚያቀርቡ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብረው ያቀርቡ ነበር።

«ለመሆኑ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል?»

«ያፈሱበታል እማዬ።»

«ጭንቅላቱ ላይ ብቻ?»

«ጭንቅላቱ ላይ።»

«የቀረው ገላውስ የማን ሊሆን ነው?»

እህቴ ገንፎዋን ትበላለች። በጓዳ ግን ለእኔ የነገረችኝ ፍርሃት ሌላ ነበር፤ ካልተዋጠላቸው አንድ ቀን ልጁን አቅፈው ሐረር ወስደው በራሳቸው ደብር እንደገና ያስነሱታል ብላ ትሰጋለች። ባሏ ደግሞ እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም።

የክርስትና አባት እንድሆን የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ገና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አማትየው ይህን ሲሰሙ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይሄ ራሱ ክርስትና የተነሳ አይመስልም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ደግሞ አጎት የክርስትና አባት ይሆናል? አጎትማ አጎት ነው። ሰው ልጁን ክርስትና የሚያስነሳው ዘመድ ሊጨምር እንጂ፣ ያለውን በሁለት ስም ሊጠራ ነው?» አሉ። የእኛ ደንብ እንደማይከለክል ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እህቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ቁምስናችን፣ የሰፈራችን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ለወላጆችና ለክርስትና አባቶች ሦስት ቅዳሜ ትምህርት ይሰጣል። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ አለው። ሌሎቹ የታደለንን ትንሽ መጽሐፍ ማራገቢያ ሲያደርጉት እኔ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበት ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ እጄን አወጣሁና አስተማሪያችንን፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ «ካህኑ ውኃውን ሲያፈሱ ሕፃኑ ድንገት ዞር ቢልና ውኃው ቢስተውስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሳይ ውኃው ስቶ አያውቅም» አሉኝ።

ይህንንም ጻፍኩት። በዚያው ገጽ ላይ፣ በእኛ ሥርዓት ሕፃን በተጠመቀበት ቀን እንደማይቆርብ፣ የሚቆርበው ነፍስ ሲያውቅና ሲማር እንደሆነ የሚናገር አንቀጽ ነበር። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

እሑድ ጠዋት በሁለት ባጃጅ ሄድን። አማትየው ልጁን አቅፈው ከእኔ ጋር በፊተኛው፣ እህቴና ባሏ ድፎ ዳቦውንና ለስላሳውን ይዘው በኋለኛው። ሻማውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሙቀት ውስጥ ስላደረ እንደ ሙዝ ጎብጧል። የደቻቱን ወንዝ ሳንሻገር ልጁ አፉን ከፍቶ የአያቱን ነጠላ መምጠጥ ጀመረ። ከዚያም አለቀሰ።

«አቦ እናቴ፣ ልጁ ርቦታል» አለ ባጃጅ ነጂው፤ ወጣት ሶማሌ ነው። «አጥቡት እንጂ!»

«ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አልጠባም» አሉ አማትየው በኩራት። «ዛሬ ይቆርባል። ባዶ ሆዱን ነው።»

ነጂው መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። «ጾም ነው? ይሄ? ዋላሂ፣ እኛ እንኳን በረመዳን ሕፃን አናስጾምም!»

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ፊትህን አዙር! ልትጨርሰን ነው?»

«ወርያ ተማሪው፣ አንተስ ዝም ትላለህ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሕፃን በተጠመቀበት ዕለት ይቆርባል፤ ከዚያ በፊት ለሰዓታት ጡት አይነካም። በእኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። በዚያ ባጃጅ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልናገር ስል አማትየው ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉና «ይሄ ልጅ ጨዋ ነው፣ ሥርዓት ያውቃል» አሉ። ከመጡ ጀምሮ አንድ ጥሩ ቃል የተናገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ዝም አልኩ። ድንጋዩ መንገድ ባጃጁን ሲያንገጫግጨው ልጁ እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔም እግዚአብሔር ነገሩን ያስተካከለው መስሎኝ አመሰገንኩት።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እህቴ ደረት ለደረት ተጠግታ «ላጥባው እማዬ፣ ቆይቷል» አለች።

«ተኝቷል። የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም።»

እህቴ እኔን አየችኝ። እኔ ሻማውን አየሁ።

ቅዳሴው አልቆ አባ በጥምቀቱ ሳሕን አጠገብ ሰበሰቡን። ልጁን ያቀፉት አሁንም አማትየው ናቸው፤ ሊቀበላቸው የደፈረ የለም። አባ ደረቱን ዘይት ሲቀቡት ነቃ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ ቁመት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ሰይጣንን ትክዳላችሁ?» አሉ አባ።

«እንክዳለን!» አልኩ። አልተሰማሁም። አባ ደገሙት፤ እኔም በሙሉ ኃይሌ ደገምኩት። ሰይጣን ቀፊራ ገበያ መሃል ቢሆን እንኳን ሰምቶኛል።

የልጁን ልቅሶ ስትሰማ የእህቴ ነጭ ቀሚስ ላይ ሁለት እርጥብ ክቦች ታዩ። ነጠላዋን አጣፋችባቸው። «ርቦታል» አለች በሹክሹክታ። «ትንሽ ነው የቀረው» አሉ አማትየው። ውኃው ሦስት ጊዜ ፈሰሰ፤ አልሳተም። ልጁ ግን ምላሱን አውጥቶ በጉንጩ የሚወርደውን ሊጠጣው ሞከረ።

አባ ባርከውን ሲጨርሱ ሁሉም ተበተነ። አማትየው ንቅንቅ አላሉም።

«አባ፣ ቁርባኑስ?»

«የማን ቁርባን?»

«የልጁ ነዋ!»

«እማማ፣ በእኛ ዘንድ አድጎ፣ ተምሮ ነው የሚቆርበው። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው።»

«እስከዚያ ሳይጠባ ሊቆይ ነው?»

ከኋላ አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አባ ግን አልሳቁም። «አልጠባም እንዴ?» ብለው ልጁን ጎንበስ ብለው አዩት። አማትየውም አዩት። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። እህቴ እጇን ዘርግታ ልጁን ከአማቷ እጅ ነጠቀች፤ ነጠቀች ስል ቃሉን መርጬ ነው። የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠችው። የሚሰማው ጉርጉር እያለ ሲውጥ ብቻ ሆነ።

አማትየው ባዶ እጃቸውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የልጅ ልጄን በከንቱ ነው ያስራብኩት? ይሄ ምን ክርስትና ነው? እኔ እንደዚህ ያለ ክርስትና…»

እህቴ ልጁን አጥብቃ ስትይዘው አየሁ። ቃሉን ሊጨርሱት ነው።

«እማማ፣ እኔ አውቅ ነበር» አልኩ። «እንደማይቆርብ አውቅ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ልነግርዎት ይገባ ነበር።»

ዝግ ብለው ዞሩ። «ታውቅ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።» ይህን ለምን እንደጨመርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሁለት ጊዜ! አስምረህ! አንተ ምን ዓይነት የክርስትና አባት ነህ? የክርስትና አባት ማለት እኮ ሁለተኛ አባት ነው! ገና ዛሬ ያነሳኸውን ልጅ ውኃው ሳይደርቅ ታስርበዋለህ? አፍ የለህም? የባጃጅ ነጂው እንኳ ሲናገር አንተ ሻማ ታቅፈህ!»

ልጃቸው «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው» ቢላቸው «ቤተ ክርስቲያን መሆኑንማ አላጣሁትም፣ ልጁ የተነሳው እዚህ አይደል?» አሉትና ወደ እኔ ተመለሱ። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እህቴ ግን ቀና አለች። የተሰደብኩት በሹመቴ ነበር፤ የክርስትና አባት ብለውኛል።

ትንፋሽ ሲያጥራቸው ወደ ደጅ ወጥተው ሐረር ላለች እህታቸው ደወሉ። ስልክ ላይ ሲጮሁ ተራራ ማዶ የሚጣሩ ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ቃል ውስጥ ድረስ ይሰማን ነበር።

«አዎ፣ ተነሳ! እንዴ፣ ተነሳ እኮ ነው የምልሽ! … አልቆረበም፣ እነሱ ሲያድግ ነው አሉ … አይ፣ ክርስትናውስ ደህና ነው። የክርስትና አባቱ ነው እንጂ ድንዙዝ!»

ልወጣና ልመልስላቸው ከእህቴ አጠገብ ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ተነሳሁ። እህቴ ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ እያዞረች በነጻ እጇ ሸሚዜን ያዘች።

«ወንድሜ፣ ሞቼ እገኛለሁ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ፣ ጥርሷ ሳቅ ሞልቶታል። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ተቀመጥኩ።