ለክንፋሙ ፈረስ የሰገድኩት ስግደት

እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ የአውሮፓ ህዳሴ ዘመን፣ በመዳብ ሰሌዳ የታተመ ሥዕል ገዛሁ። ፈረሰኛ ዘንዶ ሲወጋ፣ አጠገቡ አንዲት ቆንጆ ታስራ ያሳያል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው ብዬ ክፍሌ ሰቀልኩትና ሦስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰገድኩለት።

ባለፈው በዕድሜ ልጄ የሚሆኑት የንስሐ አባቴ ቤቴን ጠበል ሊረጩ መጥተው ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

«አባባ፣ ፈረሱ ክንፍ እንዳለው አላዩም?» አሉኝ።

«የሰማዕት ፈረስ ቢበር ምን ይገርማል?»

«ልጅቷስ ራቁቷን መሆኗን?»

«እሷንስ አይቻለሁ፣ አባቴ።»

ሳቃቸውን ውጠው ሥዕሉ የጥንት ግሪኮች ተረት መሆኑን ነገሩኝ። ደነገጥኩ።

«ታዲያ የሦስት ዓመት ስግደቴ ባከነ?»

«ለማን እንደሰገዱ ሰማዕቱ ያውቃል። ሥዕሉ ግን ከጸሎት ቦታ ይውረድ።»

አውርጄ ማድቤት ሰቀልኩት። ወገቤ ግን ወሬውን አልሰማም፤ ሽንኩርት ልከትፍ በገባሁ ቁጥር ጎንበስ ይላል።