አባት ከልጅ ይበልጣል

ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ ሳለሁ የገበሬ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት ሠርቼ ነበር። አባት ከልጁ በዕድሜ ካልበለጠ ፕሮግራሙ አይመዘግብም። በዚህች ደንቤ ጉራዬ አይጣል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ይማም ከልጃቸው ጋር መጡ። ከመታወቂያቸው ሞላሁ፤ አባት አርባ አራት፣ ልጅ አርባ አምስት። ስክሪኑ ቀላ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ይበልጥዎታል እኮ!»

«ወላሂ አልዋሽህም፤ እሱ መሬት እንዲደርሰው ዕድሜውን ጨመረ፣ እኔ ደግሞ ልጃገረድ ላገባ ቀነስኩ።»

«አንዳችሁ እውነተኛ ዕድሜያችሁን ንገሩኛ!»

ሰልፈኛው ጮኸብኝ።

ጋሽ ይማም አሰቡና «እንግዲያው እሱን አባት፣ እኔን ልጅ አድርገህ ጻፋ!» አሉ።

በንዴት አገላብጬ ሞላሁት። ስክሪኑ አረንጓዴ በራ።

«ማሻአላህ!» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ «በል አባባ፣ ተነስና በቅሎዬን ጫንልኝ።»