ዴንግ የሠራው ቁምሳጥን

ኮልፌ ውስጥ፣ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ከነበረው የእንጨት ሥራ ቤት የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ መጥረጊያ ነበር። ባለቤቱ ጋሼ ወልዴ "መጀመሪያ ፍቅፋቂ ትጠርጋለህ፣ ቀጥሎ ትልጋለህ፣ ከበረታህ እንጨት ከእንጨት ትገጥማለህ" አሉኝ። ገጣሚ ለመባል ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ዴንግ የመጣው ያኔ ነው። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በጋምቤላ በኩል የገባ አናጢ ነበር። ጋሼ ወልዴ አንድ መሳቢያ አሠርተው አዩትና በዚያው ቀን ቀጠሩት።

ማዕዘንን ያለ ሚስማር ማጋጠም ያስተማረኝ እሱ ነው። እጄ ላይ እጁን ጭኖ የመሮ አያያዝ ያሳየኝ ነበር። ስቸኩል "ቀስ ወንድሜ፣ እንጨት አይሮጥም" ይለኛል።

ሰፈሩ ግን አልወደደውም። ምሳ የምንበላበት ቤት ባለቤት የሚጠጣበትን ጣሳ ለየችበት። "ስደተኛ ይዞ የሚመጣው በሽታ ነው" ትላለች፣ እየሰማት። እኔም አብሬው እየበላሁ ዝም እል ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ለልጃቸው ሰርግ ያዘዙትን ቁምሳጥን ሊረከቡ መጡ። ዴንግ ብቻውን የሠራው ነው። በሩን ከፍተው ዘጉት፣ ጠርዙን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"የማን እጅ ነው? ይባረክ!" አሉ። ወዲያው ዴንግ ጎንበስ ብሎ የበሩን መያዣ ሲያጠብቅ አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

"ይሄ ነው እንዴ የሠራው? የልጄን የሙሽራ ልብስማ እሱ በነካካው ውስጥ አልሰቅልም!"

"ኧረ እሱ አይደለም እትዬ፣ ይሄ ልጅ ነው" አሉ ጋሼ ወልዴ፣ ወደ እኔ እያመለከቱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥራው እንዳይመለስባቸው ፈርተው ነው።

"እውነት ነው?" አሉኝ እትዬ ዘነበች።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

መረቁኝ። ቁምሳጥኑ በጋሪ ተጭኖ ሄደ።

ዴንግ አማርኛ አሳምሮ ይሰማ ነበር። መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "ቤቴን ያቃጠሉት የማላውቃቸው ወታደሮች ናቸው። አንተን ግን አውቅሃለሁ" አለኝ።

በማግስቱ ሥራ አልገባም። የተከራየበት ቤት ሄጄ ብጠይቅ "ጓዙን ይዞ ወጣ፣ የት እንደሚሄድ አልነገረንም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አይቼውም፣ ወሬውን ሰምቼም አላውቅም።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ኖርኩ፤ የራሴን ሠራተኞችም አስተዳደርኩ። ያንን ቁምሳጥን የሚያክል ሥራ ግን አልወጣልኝም።

ለእናንተ ለባለሙያዎች የምለው አጭር ነው። ደንበኛ "ማን ሠራው?" ሲላችሁ የሠራውን ሰው ስም ተናገሩ። ደንበኛው ጥሎ ቢሄድም ተናገሩ።