በስኮርታው ጉድጓድ

መኪናችንን የገዛናት አርጅታ ነው። የኋላ ኮፈኗ ግን ሰፊ ነበር፤ ከጉደር ገበያ ሽንኩርት እየጫንኩ አምቦ ላለችው ሱቄ የማመጣው በእሷ ነበር። ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ልጄ «እማዬ፣ ከኋላ ትልቅ የባስ ድምፅ ማጉያ ልግጠም» ሲለኝ መልሴ አጭር ነበር።

«ሽንኩርቴን የት ላድርገው?»

«አይታይም እኮ። ስኮርታ ጎማው ካለበት ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚገባው። ምንጣፉ ከላይ ይሸፍነዋል። የአንድ ጆንያ ቦታ እንኳ አይወስድብሽም።»

«ስኮርታውስ?»

«ከፊት ወንበር ጀርባ አስረዋለሁ።»

«ጭፈራ መኪናዬ ውስጥ አይገባም።»

«መዝሙር ነው የማጫውተው።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ይስማህ» አልኩት።

የፈቀድኩት ግን ለመዝሙሩ ብዬ አልነበረም። ባሱ የሚገጠምበትን የእንጨት ሳጥን አባቱ እንዲሠራለት መጠየቁን ስለሰማሁ ነው።

ባለቤቴ አናጺ ነው። ጆሮው የሄደው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ የበር ማንኳኳት፣ ቀጥሎ የእኔ ድምፅ፣ በመጨረሻ የቅዳሴው። ሐኪሙ አይመለስም አለን። ባለቤቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ መቺ ነበር። አንድ እሑድ ዘማሪዎቹ ጨርሰው ዝም ሲሉ እሱ ሳያውቅ ብቻውን ሲመታ ቀረ። ማንም አልሳቀበትም። ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ፣ ከበሮውን ከአንገቱ አወረደ፣ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም።

«ምን ልሰማ ብዬ?» ይለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል ብቻዬን ሄድኩ። ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ እያየኝ ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። በጸሎቴ ግን ዝም አላልኩም።

ሳጥኑን ግቢያችን ውስጥ ሠሩት። ልጄ ስኮርታውን አውጥቶ የጉድጓዱን ልክ በካርቶን ወሰደ። ጉድጓዱ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች ጠባብ ነው። ባለቤቴ ኮምፔንሳቶውን ቀለበት ቀለበት እያደረገ ቆረጠ፤ እያንዳንዱን ካለፈው ትንሽ እያሳነሰ፣ በኮላ እያጣበቀ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አንገቷን አሰገገች።

«ኦቦ፣ ማል ካና? ምንድነው ይሄ፣ የዶሮ ቤት ነው እንዴ?»

ከንፈሯን አይቶ ገባው። «ዶሮዋን አምጪና እንለካታለን» አላት። ቀልዶ ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በአናጺ እርሳስ ነበር። ልጄ እንጨቱ ላይ «አየር እንዳያሾልክ» ብሎ ጻፈለት።

«ለእኔ ነው ይሄን የምትነግረኝ? ስንት የተቀደደ ከበሮ ጠፍሬያለሁ!»

ሲያልቅ ሳጥኑን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ዙሪያውን በመዳፉ ዳሰሰው። አንዱ ጫፍ ሰፊ ነው፣ ሌላው ጠባብ። «ይሄ እኮ ከበሮ ነው» አለ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

የሞከሩት ሁዳዴ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው። እኔ ማድ ቤት ምስር እየለቀምኩ ነበር። በድንገት ግቢው በከበሮ ድምፅ ተሞላ፤ የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሮጬ ወጣሁ። ልጄ ከፊት፣ አባቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል።

«አጥፋው!»

«እማዬ፣ መዝሙር እኮ ነው!»

«በሁዳዴ ከበሮ?»

በዓቢይ ጾም ከበሮ እንደማይመታ፣ ጸናጽልም እንደሚያርፍ ልጄ ያውቃል። የከበሮ መቺ ልጅ ነው።

«ፍላሽ ነው እኮ እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።»

«እኛስ የማን ሰዎች ነን?»

እጄን በመስኮቱ አስገብቼ ራሴ አጠፋሁት። ልጄ አኩርፎ ወጣ። እኔም ወደ ምስሬ ተመለስኩ። ባለቤቴ ሁለት መዳፉን ወንበሩ ላይ ተክሎ እንደተቀመጠ ነበር፤ ፊቱን ግን አላየሁትም።

ራት ላይ «ለምን አጠፋሽው?» አለኝ።

«ጾም ነው» አልኩት፣ ፊት ለፊቱ ሆኜ።

«አዎ። ጾም ነው።» ጥቂት ጎረሰ። «ሰማሁት እኮ።»

«ምኑን?»

«ከበሮውን። በጀርባዬ ገባ፣ እስከ ተረከዜ ወረደ። ምቱን ቆጠርኩ። አንድም አላመለጠኝም።»

ተነስቼ ሄጄ ላበራለት ፈለግሁ። የመኪናዋ ቁልፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታየኛል። እሱ እጄን ያዘኝ።

«ቆይ። ትንሣኤ ይድረስ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጾም ረጅም ነበር። ሽንኩርቱን ከምንጣፉ በላይ እጭናለሁ፤ ከበሮው ከታች ዝም ብሎ ይሄዳል። ባለቤቴ ሥራ ሲፈታ የኋላውን በር ከፍቶ ይቀመጣል፤ ምንም ሳይበራ። «ስንት ቀን ቀረ?» ይለኛል፤ በጣቴ እነግረዋለሁ። አሁን ሳስበው ከእነዚያ ሳምንታት የሚበልጥ ጊዜ በትዳራችን አላውቅም።

የትንሣኤ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ጉደር ወደምትኖረው የባለቤቴ እህት ቤት ስንሄድ፣ ልጄ መሪውን ይዞ ዞር አለ።

«እማዬ፣ አሁንስ ፈቃድ አለኝ?»

«ክርስቶስ ተነሥቷል። ክፈተው።»

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም። እግሩን የመኪናዋ ወለል ላይ ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ ጣቱ ብቻ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጉደር ድልድይ ስንደርስ ሙሉ እጁ ከከበሮው እኩል ይወርድ ነበር። ድንገት ጮኸ፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሁልጊዜ ይጮኻል።

«ቤተ ክርስቲያን ጫማ እናወልቃለን!»

ልጄ በመስታወቱ አየኝ። እኔም አልገባኝም።

«ወለሉ በእግሬ ይነግረኝ ነበር እኮ! እኔ በጆሮዬ ስጠብቅ ነው ያመለጠኝ!»

የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ከእኔ ቀድሞ ለብሶ ጠበቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እሱን ከተካው ከበሮ መቺ አጠገብ ሄደና የምንጣፉን ጠርዝ በእግሩ ገፋ አድርጎ ባዶው ጣውላ ላይ ቆመ። በሴቶቹ በኩል ሆኜ የማየው እግሩን ብቻ ነበር። ተረከዙ ከምቱ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል። ያን ቀን አልመታም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን መቺው ከበሮውን ከአንገቱ አውጥቶ ሰጠው። ባለቤቴ መታ። ዘማሪዎቹ ሲያበቁ እሱም አበቃ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። ተመስገን፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም።

ልጄ አሁን ባኮ ነው፤ ትዳር ይዞ እዚያው ይሠራል። መኪናዋን ስንሸጥ መጥቶ ባሱን ፈትቶ ወሰደ፣ ስኮርታውንም ወደ ጉድጓዱ መለሰ። ያን የሁዳዴ ቀን በማጥፋቴ አልጸጸትም። ዞር ብዬ የባለቤቴን ፊት ባየሁ ኖሮ እላለሁ።

ሳጥኑን አልሰጠሁም። ሱቄ ውስጥ ሽንኩርት አደርግበታለሁ፤ «አየር እንዳያሾልክ» የሚለው የእርሳስ ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። ሁዳዴ ሲገባ ባለቤቴ ወደ ሱቁ ብቅ ይልና ሳጥኑ ላይ መዳፉን ያሳርፋል። አይመታውም።

«ስንት ቀን ቀረ?» ይለኛል።

በጣቴ እነግረዋለሁ።