ከትኬቱ ጀርባ ያጠፋሁት ስም

ይህን ነገር ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ለልጆቼ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ባለፈው የገበያ ቀን ግን ለስሙ ባለቤት ተናገርኩ። ለእናንተ ደግሞ ዛሬ እጽፋለሁ። እኔ የሰው ስም አጥፍቻለሁ። በእርሳስ የተጻፈ ስም ነበር፤ በላጲስ አጠፋሁት።

ቡታጅራ ውስጥ ሎተሪ አዞር ነበር። ባሌ ካረፈ በኋላ ሁለቱን ልጆቼን ያሳደግኩት በእሱ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የሥራው ደንብ ቀላል ነው። ወኪሉ ትኬቱን ቆጥሮ ያስረክበናል። ያልተሸጠውን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት እንመልሳለን። ሳንመልስ ያስቀረነው ትኬት ቢወድቅ ኪሳራው የራሳችን ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ጥቂት አስቀር ነበር፤ «ያዥልኝ» የሚሉ ደንበኞች ስለነበሩኝ። ያዥልኝ ካሉ እይዛለሁ። ስማቸውን ከትኬቱ ጀርባ በእርሳስ እጽፋለሁ። በገበያ ቀን መጥተው ይከፍላሉ። ውል የለም፣ ምስክር የለም። ቃል ብቻ ነው።

ከሁሉም ቃላቸውን የሚጠብቁት እትዬ ከበቡሽ ነበሩ። ቅቤ ነው የሚሸጡት። ከቡኢ በኩል ካለ መንደር ቅቤአቸውን በኮባ ጠቅልለው ይመጡና ገበያው ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ። ፀሐዩም ዝናቡም የሳቸው ነው። «ቢደርስዎት ምን ያደርጉበታል?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነበር። «በር እገዛለሁ። በር ያለው ሱቅ። ዝናብ ሲመጣ ጥርቅም አድርጌ የምዘጋው።»

አንዳንዴ የሚመጡት ዕጣው ከወጣ በኋላ ነበር።

«ወደቀ አይደል?» ይሉኛል።

«ወደቀ፣ እትዬ።»

«እንኪ እንግዲህ፣ የወደቀውንም ማንሳት ነው!» ብለው እየሳቁ ይከፍሉኛል።

ለወደቀ ዕጣ ማን ይከፍላል? እሳቸው ይከፍሉ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ካልደረሰኝ ለምን?» አላሉም። ይህን ያዙልኝ። የኔ ኃጢአት የሚለካው በዚህ ነው።

በዚያ ዓመት አንዱ ዕጣ ወልቂጤ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሕዝብ ፊት ወጣ። እኛንም አዟሪዎቹን ጠሩን። ስንት ዓመት ስሸጠው የኖርኩትን ነገር ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ የቁጥር ቤት፣ ከአሃድ እስከ መቶ ሺ፣ አንዳንድ የመስታወት ሉል ቆሟል። ከሕዝቡ መካከል ታዛቢዎች ተመረጡ። ሉሎቹ ባዶ መሆናቸውን አዩ። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተጻፈባቸውን ኳሶች አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ሉሉ ዞረ። ኳሶቹ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ዘለሉ። አንዷ ብቻዋን ወጣች። የማንም እጅ አልነካትም። ሀብታሙን አታውቅም፣ ድሃውን አታውቅም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ቅዳሴ ላይ ካልሆነ በቀር እንዲያ ያለ ጸጥታ አላውቅም። የሰው እጅ እንዳይገባበት ይህን ያህል የተጠነቀቁለት ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። እጇን የምታስገባው ሴት ግን እዚያው መካከላቸው ተቀምጣለች። እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛው ዕጣ ሲወጣ የያዝኳቸውን ትኬቶች ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ከአንዷ ጋር ገጠመ። ሁለተኛው ገጠመ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛውም ተጠርቶ ሲገጥም ትኬቷን ገለበጥኳት። «ከበቡሽ» ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ።

እልል ልል ተነሳሁ። አልዋሽም፤ መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የገባው «እትዬ በር አገኙ!» የሚል ደስታ ነበር። ያን ደስታ የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ነው።

አጠገቤ የነበረች የወልቂጤ አዟሪ ክንዴን ያዘችኝ። «ውይ እናቴ! የማን ነው? ያንቺ ነው እንዴ?»

«የእኔ ነው» አልኩ።

ማን አስገደደኝ? ማንም። ተርበን ነበር? አልተራብንም። የታመመ ልጅ ነበረኝ? ልጆቼ ደህና ነበሩ። «ገና አልከፈሉም፤ ያልተከፈለበት ትኬት የአዟሪዋ ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለወደቀው ስቀበል ግን እንዲህ ብዬ አላውቅም።

የምጽፍበት እርሳስ ጫፉ ላይ ላጲስ ነበረው። ወደ ቡታጅራ ስመለስ፣ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አጠፋሁት። አራት ፊደል ነው። ፍርፋሪው ቀሚሴ ላይ ወደቀ፤ አራገፍኩት። እኔ አጠፋሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ እርሳሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሎተሪ ቢሮ ስሄድ ትኬቱን መርምረው «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። በደንቡ ትኬቱን የያዘ ሰው ባለቤቱ ነው። በደንቡ ስህተት የለም።

በገበያ ቀን እትዬ ከበቡሽ ገና ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «ደረሳት ሲሉ ሰማሁ! የኔንስ ይዘሽልኝ ነበር?»

«አልቆብኝ ነበር፣ እትዬ። አልያዝኩልዎትም።»

«እንኳንም አልያዝሽልኝ! የኔ እጅ ቢነካው ይደርቅ ነበር» ብለው ሳቁ። ጉንጬን ሳሙኝ።

በገንዘቡ ሱቅ ከፈትኩ። በር ያለው ሱቅ። ለቤተ ክርስቲያን በስለት ጥላ አገባሁ፤ «አምላኬ ለሰጠኝ» ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ። እልል ካሉልኝ ሴቶች መካከል እትዬ ከበቡሽ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን አልቆረብኩም። ሰው ትሕትና መሰለው።

በዓመቱ፣ ዝናብ ሲበረታ፣ እትዬ ቅቤአቸውን ይዘው መጡና «በረንዳሽ ላይ ልጠለል?» አሉኝ። እንዴት እምቢ ልበል? ከዚያ ጀምሮ በየገበያው ቀን በራፌ ላይ ይቀመጣሉ። ነፋስ ሲያመጣው ዝናቡ ያገኛቸዋል። እኔ ውስጥ፣ እሳቸው ውጪ። ጠዋት ጠዋት «ለአንቺ ሰጥቶ እኔን አስጠለለኝ» እያሉ ይመርቁኛል። ስድስት ዓመት ተመረቅኩ። እግዚአብሔር አልጮኸብኝም፣ አልመታኝም። ሴትዮዋን አምጥቶ ደጃፌ ላይ አስቀመጠልኝና ዝም አለ። ከዚህ ዝምታ በላይ ያስፈራኝ ነገር የለም።

ባለፈው የገበያ ቀን ከበረንዳው ጠሩኝ። «የክርስትና ስምሽ ማን ነው? ላንቺ ጸሎት ላስደርግልሽ ነው። ቄሱ ስሟን ይዘሽ ነይ፣ እጽፈዋለሁ አሉኝ።»

ስሜን ሊያስጽፉ። የኔን ስም።

ከወንበሬ ተነሥቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ያ ዕጣ የእርስዎ ነበር። ይዤልዎት ነበር። ስምዎን አጠፋሁት» አልኩ።

ቅቤውን ያለበሱበትን ኮባ አስተካከሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ያን ቀን ልከፍልሽ ነበር የመጣሁት» አሉ። «በመሐረቤ ቋጥሬ። አልቆብኛል ስትይኝ ነው ይዤው የተመለስኩት።»

ይህን አላውቅም ነበር።

ተነሡ። ቅቤአቸውን አንድ በአንድ አንሥተው በበሩ ገቡ፤ ባንኮኒው ላይ ደረደሩት። ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። «በይ፣ አንቺ ደግሞ ውጪ ተቀመጪ» አሉኝ።

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

ሱቁን በስማቸው ላዛውር ስላቸው፣ «ይደርሳል፤ መጀመሪያ ዝናቡን ቅመሺው» አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። የክርስትና ስሜንም ዳግም አልጠየቁኝም። ልጆቼ ይህን ስታነቡ አትዘኑባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደጋችሁና ያስተማራችሁ የሳቸው ዕጣ ነው። እኔም ይቅርታን ከእናንተ አልለምንም። እናንተ ልትሰጡት የምትችሉት አይደለም።

ይህን የምጽፈው በረንዳው ላይ ሆኜ ነው። ካፊያው ወረቀቱን እያራሰብኝ ነው፤ ተመስገን። ገበያተኛ መጥቶ «ባለሱቋ የት አለች?» ሲለኝ፣ በእጄ ወደ ውስጥ አመለክተዋለሁ።