ያልተበደርኩት ብድር

ቀየት በምትባል ትንሽ ከተማ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ሞባይል ስልክ ገና እኛ ዘንድ ሳይደርስ፣ እኔና ባለቤቴ ቤት ጀመርን። ግድግዳው ቆሞ ጣራው ላይ ስንደርስ እጃችን አጠረ። የመንዝ ክረምት ደግሞ አይምርም። ዝናቡ ሳይገባ ቆርቆሮ እንግዛ ተባብለን፣ ብድር ልጠይቅ ወደ ቁጠባና ብድር ቢሮው ሄድኩ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ እዚያ ከደመወዜ ትንሽ ትንሽ እቆጥብ ነበር። አስገብቼ ከመውጣት በቀር ግን በስሜ ምን እንደተጻፈ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሠራተኛው ትሑት ወጣት ነው። መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መምህርት፣ የፊተኛውን ሳይከፍሉ ሌላ መስጠት አንችልም" አለኝ።

"የቱን ፊተኛ?"

"የበግ ማድለቢያውን። ከተወዘፈ ቆይቷል እኮ።"

ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ስሜን ከነአባቴ አነበበልኝ። ልክ ነው። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉንም ሰሙ።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። ባለቤቴ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "ለወንድምሽ ነው?" አለ። ወንድሜ ራቤል ገበያ ላይ በግ ነግዶ ከስሮ ነበር።

"ምኑ?"

"ብድሩ። ብትነግሪኝ እኮ አልከለክልሽም ነበር።"

"አልተበደርኩም አልኩህ!"

"እሺ" አለ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ ገበታ እየበላን የምንነጋገረው ስለ ጨውና ስለ ውሃ ብቻ ሆነ። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ይዤ የምጽፈው ይጠፋኛል። ደመወዜን ቢቆርጡትስ? ቢከሱኝስ? ጥርጣሬ ይጋባል መሰለኝ፣ እኔም ወንድሜን መጠርጠር ጀመርኩ። ስሜን ሰጥቶ ተበድሮ ይሆን? እላለሁ። መልሼ ደግሞ በራሴ አፍራለሁ።

በመጨረሻ ተመልሼ ሄድኩና፣ "የተፈረመበትን ውል ሳላይ ከዚህ አልሄድም" አልኩ። ወጣቱ የቆዩ ወረቀቶች ወደታጨቁበት ክፍል ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል። ውሉ ላይ ፊርማ የለም፣ የአውራ ጣት አሻራ ነው። የአያት ስሙም የኔ አይደለም። ሞክሼዬ ናት፤ ከገጠር ቀበሌ የመጣች ሴት። የሷ ዕዳ እኔ ላይ ተጽፎ ኖሯል።

"እንዲስተካከል ግን እሳቸው መጥተው ማመን አለባቸው" አለ ወጣቱ።

ካዱስ? ጥሪው ተልኮ እሳቸው እስኪመጡ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ባለቤቴ በቀጠሮው ቀን ሳልጠይቀው ተከትሎኝ መጣ። ሞክሼዬ ጋቢ የደረቡ፣ ፊታቸውን ብርድ ያከሰለው አሮጊት ነበሩ። ገና ሲጠየቁ፣ "የኔ ነው" አሉ። "በጎቹ በበሽታ አለቁብኝ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ዕዳ ጠያቂ መጣ እያልኩ ስባንን ከረምኩ። ማንም ሳይመጣ ሲቀር፣ እግዜር አስረሳልኝ ብዬ ነበር።" ወደ እኔ ዞሩ። "ለካ አንቺ ላይ ጥሎት ኖሯል። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"እርስዎ ምን አጠፉ፣ እማማ?" አልኳቸው። የኔ ስም ነጻ ሲወጣ ሸክሙ እሳቸው ትከሻ ላይ መመለሱን እያየሁ መደሰት አቃተኝ። ባለቤቴ ወጣቱን፣ "ገብሱ እስኪደርስላቸው ጊዜ ስጧቸው እንጂ" ብሎ ለመነው። ኃላፊው ተጠይቆ እስከ አጨዳ ተፈቀደላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ያዘና፣ "አጥፍቻለሁ" አለ። እኔም አልጨቀጨቅኩትም።

ብድሩ የተፈቀደልን ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ግማሹ ግድግዳ ረጥቦ ወደቀ፤ እንደገና መረግነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወደዚያ ቢሮ ሄጄ "በስሜ ያለውን ሁሉ አንብቡልኝ" እላለሁ። አዳዲሶቹ ሠራተኞች ይገረማሉ። አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ልቤ ይመታል።